ለቡሬዋ እኅታችን፦ ቀብድ ከመስጠትሽ በፊት ኢንሹራንሱን ጠይቂ

ግሩፓችን ላይ የጻፍሽውን ጥያቄ ያየሁት ትናንት ማታ ነው። መልሱ ስለሚረዝም ዛሬ ተረጋግቼ ልጻፍልሽ ብዬ ነው ያቆየሁት።

ቡሬ የጤና ባለሙያ እንደሆንሽ ጽፈሻል። ለሥራና አልፎ አልፎ ማርቆስ ቤተሰብ ለመጠየቅ የምትሆን ያገለገለች መኪና ፈልገሻል። ሦስት አማራጭ አለሽ፦ ቪትዝ፣ አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ፣ እና ደላላው «በነፃ ቁጠሪያት» ያለሽ የአውሮፓ መኪና። ከሥር የመለሱልሽ ሁሉ የሚያወሩት ስለ ነዳጅ ነው። አንቺ የጠየቅሽው ግን የትኛዋ በኢንሹራንስ እንደማታስመርርሽ ነው። በዚህ ነገር በደንብ ተፈትኜበታለሁ፤ ስለዚህ ስሚኝ።

1ኛ. የአውሮፓዋን ተያት። ደላላው የዋጋዋን ርካሽነት ነው የነገረሽ። እውነት ነው፣ የሙሉ ኢንሹራንስ (የራስሽንም መኪና የሚሸፍነው) አረቦን፣ ማለትም በየዓመቱ የምትከፍይው፣ የሚሰላው ከመኪናው ዋጋ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ቀላል ትመስላለች። ችግሩ የሚመጣው የተጋጨሽ ቀን ነው። ኢንሹራንሱ ከጋራዥና ከዕቃ ሻጭ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) አምጪ ይልሻል። የፊት መብራቷ ባሕር ዳር የለም። አዲስ አበባ ሱማሌ ተራም ላይገኝ ይችላል። ዕቃው ካልተገኘ ፕሮፎርማ የለም፣ ፕሮፎርማ ከሌለ ክፍያው ይጓተታል። መኪናሽ ጋራዥ ቆማ ዝናብ ይመታታል፣ አንቺ ለባጃጅ ትከፍያለሽ።

2ኛ. ዲኤክስ ጥሩ መኪና ናት፤ አላማትም። ከደጀን እስከ ዳንግላ ያለ መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታታል። ግን ዕድሜዋ ሄዷል። እንዲህ ላረጀ መኪና ሙሉ ኢንሹራንስ አንሰጥም የሚሉ አሉ፤ የሚሰጡትም ዋጋ ይጨምራሉ። ተጋጭታ አሮጌው ዕቃ በአዲስ ሲተካ ደግሞ «የእርጅና» ብለው ከካሣው ይቀንሱብሻል። ስለዚህ ዲኤክስ ከገዛሽ ሦስተኛ ወገን ብቻ ግቢ፤ ለሙሉ ልትከፍዪ የነበረውን ለጥገና አስቀምጪ።

ሦስተኛ ወገን ስልሽ ግን አትዘናጊ። በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 መሠረት ግዴታ ነው፤ የሚሸፍነውም በሌላ ሰው ላይ የምታደርሺውን ጉዳት እንጂ የራስሽን መኪና አይደለም። ከተሰረቀችም አያገባውም። አዋጁ ሲወጣ ለንብረት ያስቀመጠው ጣሪያ 100,000 ብር፣ ለሞት 40,000 ብር ነበር። ዛሬ አንድ አዲስ ፒካፕ ብትነኪ ፓራውልቱና መብራቱ ብቻ ስንት እንደሚጠየቅ አስቢው። ከጣሪያው በላይ ያለው ከኪስሽ ነው። የአሁኑ ጣሪያ ስንት እንደሆነና ከዚያ በላይ የሚሸፍን ተጨማሪ መግዛት ይቻል እንደሆነ እዚያው ጠይቂ።

3ኛ. ቪትዝን ግዢ። ዕቃዋ በየከተማው አለ፣ ማርቆስም ባሕር ዳርም ጋራዡ ያውቃታል፣ ስትሸጫትም ገዢ አታጪም። አስቸጋሪ መኪና ስላልሆነች ሙሉ ኢንሹራንስ የሚነፍግሽ እምብዛም አይኖርም። ግን የመጣሁበት ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የእኔም ቪትዝ ናት። ሙሉ ኢንሹራንስ የገባሁላት ገና ስገዛት ነው። ከዚያ ወዲህ የመኪና ዋጋ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በቆዩ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። የዚያኑ ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። እኛ ጋ መኪና እያረጀ ይወደዳል። የኢንሹራንስ ውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ ግን የድሮው እንደሆነ ይቀራል፤ ካላስቀየርሽው በቀር።

እኔ ይህ ነገር ስለገባኝ ውሉ ሲታደስ ማመልከቻ ጻፍኩ። «የመኪናዬ ዋጋ በወቅቱ ገበያ ይስተካከልልኝ፣ የሚጨመረውን አረቦን እከፍላለሁ» ነው ያልኩት። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ «ተዉት ጋሼ፣ እንዳለ ይቀጥል፣ ምንም ችግር የለውም» አለችኝ። ማመልከቻዬን ይዤ መመለስ አልወደድኩም። መዝገብ ቤት ሄጄ አስገባሁት፤ ቀሪው ላይ የገቢ ማህተምና ቀን አስመታሁበት። ልጅቷ ሳቀች። ምን ያደርጋል ማህተም ብላ ይሆናል።

ከዚያ ደምበጫ ተዝካር ሄጄ መኪናዋን አጥር ሥር አቁሜያት አደርኩ። ሌሊት አንድ ከባድ መኪና ገጭቷት አመለጠ። ጠዋት ስወጣ የቀኝ መብራቷ ረግፏል፣ ፓራፋንጎው ጎማው ላይ ታጥፏል፣ ኮፈኑ ተቆልምሟል። ሰሌዳውን ያየ የለም። ገጪው ቢታወቅ የእሱ ሦስተኛ ወገን ይከፍል ነበር፤ አልታወቀም። ትራፊክ ፖሊስ ጠርቼ ሪፖርት አስጻፍኩ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ ፕሮፎርማ ሰበሰብኩ፣ አስገባሁ።

የካሣ ክፍሉ ሠራተኛ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ግማሹን ነው የምንከፍልህ» አለኝ። ለምን ስለው «ከዋጋ በታች ነው የገባኸው፣ አንብበህ ፈርመሃል» ብሎ ወረቀቱን በመስኮቱ ወረወረልኝ። አንተ ነው የሚለኝ፤ ልጄ የሚሆን ሰው። እኔ ከገንዘቡ ይልቅ ይሄ ነው ያንገበገበኝ። ሃያና ሠላሳ ዓመት ደንበኛ የሆነ ሰው ቢቀርበውም እንደዚሁ ይወረውርለት እንደነበር አልጠራጠርም። አጠገቤ ከአማኑኤል ከተማ የመጡ አንድ ገበሬ ቆመው ነበር፣ የአይሱዙ ባለቤት ናቸው። «እኔንም እንዲሁ ብሎኛል» አሉኝ። አዘንኩላቸው። እሳቸው በእጃቸው ምንም ወረቀት አልነበራቸውም።

«ግማሹ» የሚለው ከየት እንደመጣ ላስረዳሽ፤ ይህን ሳያውቁ ነው የሰዎች ገንዘብ የሚበላው። ለስሌት እንዲቀል ልውሰድና፣ መኪናሽ ገበያ ላይ 1,000,000 ብር ታወጣለች እንበል። ውልሽ ላይ ግን 500,000 ነው የተጻፈው። 200,000 ብር ጉዳት ቢደርስብሽ «የዋጋውን ግማሽ ነው መድን የገባሽው» ብለው 100,000 ያሰሉልሻል። ከዚያ ላይ ደግሞ በራስሽ የምትችይው ኤክሰስ ይነሳል። አነስተኛ አረቦን ከፈልኩ ብለሽ ስትደሰቺ የከረምሽው በሙሉ አንድ ቀን ይመለሳል። ጓደኛዬ «ዋጋውን ዝቅ አድርጌ ነው የማስገባው፣ ብልህ ነኝ» ይለኝ ነበር። ብልህነት አይደለም እኅቴ፤ ገንዘቡን መጣል ነው።

እኔ ማህተም ያለበትን ቀሪዬን አውጥቼ ኮፒ አደረግሁ። ለዋናው መሥሪያ ቤት ቅሬታ ጻፍኩና ኮፒውን አያያዝኩት። ከሥር «ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ» አልኩበት፤ ኢንሹራንሶችን ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው እሱ ነውና። ብዙም ሳይቆይ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ራሱ ደወለ። «ጋሼ፣ እዚህ መነጋገር ስንችል ለምን እዚያ ድረስ?» አለኝ። ሄድኩ፤ ወንበር ተሰጠኝ። ኤክሰሱ ተቀንሶ ቀሪው ሙሉው ተከፈለኝ። ያንን ማመልከቻ በማስገባቴ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። የአማኑኤሉን ሰውዬ በኋላ ፈልጌ ማመልከቻ እንዲጽፉ ረድቻቸዋለሁ፤ ለሚቀጥለው እድሳታቸው።

ስለዚህ ቪትዝሽን ስታስገቢ ዛሬ የምትሸጥበትን ዋጋ አስጽፊ። የገዛሽበትን አይደለም፣ ለግብር ሲባል ውል ላይ የጻፋችሁትንም አይደለም። በየዓመቱ ሲታደስ እንደገና አስተያዪው። ማንኛውንም ጥያቄ በጽሑፍ አድርጊ፣ ቀሪሽ ላይ ማህተም አስመቺ። መልስ በቃል የሚሰጥሽ ሰው በኋላ አላልኩም ይላል።

የምትገዣት መኪና ራሷ ኢንሹራንሱን የምታበላሽበትም መንገድ አለ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አስተያዪ፤ ባትሪ ይዘሽ፣ አጎንብሰሽ፣ ጭቃውን በጨርቅ ጠርገሽ። ሞተሯ ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ያልተስተካከለ ብዙ መኪና አለ። እስክትጋጪ ድረስ ማንም አይጠይቅሽም፤ የተጋጨሽ ቀን ግን «ይህች መድን የገባናት መኪና አይደለችም» ይሉሻል። ሻጩ ሊብሬውን አስተካክሎ ይምጣ፤ «በኋላ ትጨርሺዋለሽ» ካለሽ ጥለሽው ሂጂ። ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኗን መንገድ ትራንስፖርት ሳታረጋግጪ ደግሞ አምስት ሳንቲም አትስጪ።

ተገልብጣ የተሠራች መኪናን ለመለየት ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለሽ ያዢ። በሮቹንና ፓራፋንጎውን ነካ ነካ አድርጊበት። ላሜራ ከሆነ ይይዛል፤ ወፍራም ስቱኮ ካለበት ይንሸራተታል። ፓራውልቱ ፕላስቲክ ስለሆነ እሱ ላይ አትሞክሪው። ሻጩ ቅር ቢለው ይበለው።

አዲስ አበባ የምትገዢ ከሆነ ክፍያ ሳትጨርሺ እንጦጦን አስወጫት። አፍሽን ሞልቼ የምነግርሽ ነው፤ ሜዳ ላይ ደህና የምትመስል መኪና ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዳ ዓባይ በረሃን ወደ ደጀን ስትወጣ ነው ገመናዋ የሚወጣው። ራዲያተሩ ይፈላል፣ ቴስታታው የተነካካ ከሆነ ያስታውቃል፣ ፍሪሲዮኑ ይሸታል። ይህ ደግሞ ብልሽት እንጂ አደጋ ስላልሆነ ሙሉ ኢንሹራንስም አይከፍለውም።

ሌላው፣ ሰሌዳሽ የግል (ኮድ 2) ከሆነ ኮንትራት አትጫኚባት። ነዳጄን ልቻል ብለው ከቡሬ እስከ ኮሶበር ሰው በሒሳብ የሚጭኑ አሉ። አደጋ ደርሶ ተሳፋሪው «ከፍዬ ነው የተሳፈርኩት» ካለ ውሉ ለግል አገልግሎት ስለሆነ የመኪናሽ ካሣ ሊቀርብሽ ይችላል። ወንድምሽ ወይም ሹፌር የሚነዳት ከሆነም የመንጃ ፈቃዱ ጊዜ እንዳላለፈ እይ። ይህን የምለው ባልደረባዬ በዚሁ ምክንያት ሙሉ ካሣ ስለቀረበት ነው፤ ሹፌሩ ጎበዝ ነበር፣ ፈቃዱ ግን አልታደሰም ነበር።

የኛን አካባቢ በሚመለከት አንድ ነገር አለ፤ ማንም ሳይጠየቅ አይነግርሽም። ተራው የሙሉ ኢንሹራንስ ውል ጦርነትና ሁከት ያመጣውን ጉዳት አይሸፍንም። ለፖለቲካዊ ሁከትና ሽብር ለብቻው የሚሸጥ ተጨማሪ ሽፋን አለ። መኪናሽ ጎጃም የምትውል የምታድር ስለሆነች ዋጋውን ጠይቂ፣ የሚሸፍነውንና የማይሸፍነውንም ከጽሑፉ ላይ አንብቢ። እኔ ገብቼዋለሁ፤ ትንሽ ይጨምራል፣ እንቅልፍ ግን ይሰጣል።

ቀብድ ሳትሰጪ የሊብሬውን ኮፒ ይዘሽ ቢያንስ ወደ ሦስት ኢንሹራንስ ሂጂ። የሙሉውን አረቦን፣ የኤክሰሱን መጠንና የእርጅና ቅናሹን በወረቀት ጻፉልኝ በይ። ኮፒውን ግን እዚህ ግሩፕ ላይ እንዳትለጥፊው፤ የሰው ስምና ቁጥር ያለበት ነው። የተመረተችበትን ዓመትና የጠየቁሽን ዋጋ ብቻ ጻፊልኝ፣ አየዋለሁ። ቅዳሜ የሚሠሩት ግማሽ ቀን ስለሆነና መስኮቱም ስለሚጨናነቅ በሥራ ቀን ጠዋት ሂጂ።