«ልጄ ዝም አለብኝ»

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። የ14 ዓመት ልጄ ሲናገር ይንተባተባል። ክፍል ውስጥ ሲያነብ ቀድተው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቁት። ስሙ «ኔትወርክ» ሆነ። አሁን ሱቅ እንኳን አልላክም ይላል። ቤት ውስጥ ግን ከታናሹ ጋር ኳስ ሲያዩ፣ እንደ ጋዜጠኛ ሲያስተላልፍ የሚያቆመው የለም። አባቱ «የድሬ ልጅ ቀልደኛ ነው፣ ይቻለው» ይላል። ባሕርዩ ደካማ ሆኖ ይሆን? ትምህርት ቤት ልቀይርለት?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽ ደካማ አይደለም። መልሱ ደብዳቤሽ ውስጥ አለ። ዝምታ ጠባዩ ቢሆን ኖሮ ኳሱን ማን ያስተላልፍ ነበር? አፉን በከፈተ ቁጥር ስለተሳቀበት ነው ዝም ያለው። ይህ ሲቆይ ግን «እኔ እንዲህ ነኝ» ብሎ ይቀበለዋል፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ድሬ ላይ ቅጽል ስም የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል፣ አባቱ እዚህ ላይ እውነት አለው። ነገር ግን ቀልድ «በቃ» ሲባል ይቆማል። ልጆች በትምህርት ቤት እርስ በርስ ስለሚፈጽሙት ጥቃት ቀዳሚ ተመራማሪ የነበረው ዳን ኦልቬውስ ይህን ጥቃት በሦስት ነገር ይለየዋል፦ ሆን ተብሎ ይደረጋል፣ ይደጋገማል፣ ተጠቂው ራሱን ለመከላከል አቅም ያንሰዋል። ልጅሽ «በቃ» ቢል እዚያችው ቃል ላይ ይስቁበታል። ታዲያ እንዴት ይቻለው?

መንተባተብ ከፍርሃት ወይም ከአስተዳደግ ጉድለት አይመጣም። ብዙ ጊዜ በዘር ይሄዳል፣ ወንዶች ላይም ይበዛል። ሲናገር ቃሉን አትጨርሺለት፣ «ቀስ በል» አትበዪው። ጠብቂው፣ በቃ።

ለልጁ ነግረሽው ወደ ክፍል ኃላፊው መምህር ሂጂ። የግሩፑን መልእክት ፎቶ አንስተሽ ያዢ። የተቀዳው ድምፅ ከግሩፑ እንዲጠፋ፣ ቅጽል ስሙም እንዲቆም ጠይቂ። ልጆቹን ፊት ለፊት አቁሞ «ይቅር ተባባሉ» ማስባል ግን ይቅር፤ የተጠቃው ልጅ እዚያም ዝም ነው የሚለው። መምህሩ ከሌላ ተማሪ ጋር አብረው ድምፅ አውጥተው እንዲያነቡ ቢያደርግ ጥሩ ነው። ብዙ የሚንተባተቡ ሰዎች ከሌላ ሰው ጋር እኩል ሲያነቡ ምላሳቸው ይፈታል።

እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለው፣ ወይም «ብሞት ይሻላል» ዓይነት ቃል ከወጣው፣ ሳታሳድሪ ድል ጮራ ሆስፒታል ውሰጂው።

ትምህርት ቤት ለመቀየር አትቸኩዪ። መጀመሪያ እሱን ጠይቂው፤ እዚያ የሚወደው ጓደኛ ሊኖረው ይችላል። ትምህርት ቤቱ ተነግሮት፣ ተነግሮት ካልተንቀሳቀሰ ግን ቀይሪለት።