ጥቁር የለበሰችው ሴትና ጭኗ ላይ ያለው ሕፃን፦ ጥያቄና መልስ

አንድ የቡድናችን አባል ከለንደን የአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛት ትንሽ ፎቶ ናት፤ ካርቶን ላይ የተለጠፈች። ጥቁር የለበሰች ሴት ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ነጭ ቀሚስ የለበሰ ሕፃን አለ፤ ፊቱ ደብዝዟል። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሕፃኑ የሞተ ነው አይደል? ያኔ ሬሳ ፎቶ ያነሱ ነበር ይባላል።

መልስ፦ አይደለም። ይህ ወሬ በጣም ያሳዝነኛል። የሞቱ ሕፃናት ፎቶ መነሳታቸው እውነት ነው። ግን ብዙ ጊዜ የተኙ መስለው፣ አልጋ ወይም ጭን ላይ ሆነው ነው። በ1860ዎቹ ፎቶ የሚነሳው ኮሎዲዮን የሚባል የሚያጣብቅ ፈሳሽ በተቀባ እርጥብ መስታወት ነበር። ለሴኮንዶች ሳይነቃነቁ መቆየት ያስፈልጋል። ሕፃን ደግሞ አርፎ አይቀመጥም። ፊቱ የደበዘዘው ስለተንቀሳቀሰ ነው። በሌሎች የዚያ ዘመን ፎቶዎች ከሰው ጀርባ የሚታየው ብረትም ሬሳ ማቆሚያ አይደለም። የሕያው ሰው ጭንቅላት እንዳይወዛወዝ መደገፊያ ነው። አንዳንዴ እናትየዋን ጨርቅ አልብሰው እንደ ወንበር ያስቀምጧትና ልጁን ታቅፍ ነበር። እነዚያን ፎቶዎች ባየሁ ቁጥር ከጨርቁ ስር ስታባብለው ይታየኛል።

ጥያቄ፦ ጥቁር የለበሰችው ባሏ ሞቶባት ነው?

መልስ፦ አንድ ምልክት ብቻ ይዛችሁ አትፍረዱ። እኛ ከል ስለምናውቅ ጥቁር ስናይ ሀዘን ይመስለናል። ንግሥት ቪክቶሪያ ባላቸው አልበርት በ1861 ከሞቱ ጀምሮ እስከ 1901 ከል አላወለቁም፤ እውነት ነው። ግን ጥቁር ሐር የክት ልብስም ነበር። ኮሎዲዮን ደግሞ ቀይን ያጠቁራል፣ ሰማያዊን ያነጣል። ቀሚሷ ቀይ ሊሆን ይችላል። ሀዘን የምትፈልጉ ክሬፕ የሚባለውን የማያብረቀርቅ ጨርቅ ፈልጉ።

ጥያቄ፦ ልጁ ሴት ነው ወንድ?

መልስ፦ በቀሚስ አይታወቅም። ወንዶቹም ሱሪ እስኪታጠቁ ቀሚስ ይለብሱ ነበር።

ጥያቄ፦ መቼ የተነሳ ነው?

መልስ፦ ጀርባውን ሳታሳዩኝ? የፎቶ ቤቱ ስምና አድራሻ እዚያ ነው ያለው። ጀርባውን ላኩ!

አባል፦ ስለ ልዑል ዓለማየሁ ፎቶስ ለምን አናወራም? እንግሊዛዊቷ ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በ1868 እንግሊዝ አገር ዋይት ደሴት ላይ አንስታዋለች።

ሌላ አባል፦ እሱ ከአሳዳጊው ከእንግሊዛዊው መኮንን ካፒቴን ስፒዲ ጋር ነው የተነሳው። እዚያ እናት የለችም። ከጉዳዩ አትውጡ።

አባል፦ እኮ! እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በዚያው ዓመት ከመቅደላ ሲወሰዱ መንገድ ላይ አረፉ። አለመኖራቸው ራሱ ይታየኛል።

መልስ፦ የልዑሉን ሌላ ቀን በሰፊው እንመለስበታለን። ካሜሮንን ካነሳችሁ ግን አንድ ነገር ልበል። የቤት ሠራተኛዋን ሜሪ ሂሊየርን ደጋግማ እንደ እመቤታችን አድርጋ፣ ሕፃን አስታቅፋ አንስታታለች። ሕፃናቱ የሜሪ ልጆች አልነበሩም። የእኛዋስ ሴት እናቱ መሆኗን ማን ነገራችሁ? ሞግዚት ልትሆን ትችላለች። አክስት ልትሆን ትችላለች። ስም እስኪገኝ «ሴትና ሕፃን» በሉ።

ጥያቄ፦ እናትየዋ ግን ለምን አትስቅም? ልጁ ስለሞተ አይደል?

መልስ፦ ላይ መልሻለሁ፤ እባካችሁ አንብቡ። ፈገግታን ለሴኮንዶች ሳያዛንፉ መያዝ ከባድ ነው። የሕፃኑን ቀኝ እጅም አጉልታችሁ እዩ። ጣቶቹ ደብዝዘዋል። የአንገቷን ጥብጣብ እየጎተተ ነው።