ለጀማሪ የራዲዮሎጂ ሐኪሞች፦ ስለማትለምዱት አደጋ

ልጆቼ፣ በሲቲ ስካን እየታዩ የሳምባ ባዮፕሲ (በመርፌ ናሙና መውሰድ) መሥራት ስትጀምሩ ሁሉም የሚያስፈራራችሁ በኒሞቶራክስ ነው፤ አየር በሳምባና በደረት ግድግዳ መካከል ሲገባ ማለት ነው። ልክ ናቸው፣ ቶሎ ቶሎ ያጋጥማል። አብዛኛው በራሱ ይጠፋል፣ አንዳንዱ ቱቦ ይፈልጋል። ትንሽ ደም መትፋትም ያለ ነገር ነው። እነዚህን እየሠራችሁ ትለምዷቸዋላችሁ።

እኔን የሚያሳስበኝ ወደ ደም ሥር የሚገባው አየር ነው። ምልክት አሳይቶ የሚታየው ከ1000 ታካሚ በአንዱ ቢሆን ነው። ብዙ ሐኪም ሳያየው ጡረታ ይወጣል፤ ሲመጣ ግን ሰው ይገድላል።

የውስጡን ዘንግ ስታወጡ የውጪው መርፌ ክፍት ቱቦ ነው። ጫፉ የሳምባ ደም መላሽ ሥር ውስጥ ካረፈና ታካሚው አየር ወደ ውስጥ ከሳበ፣ አየሩ በመርፌው ገብቶ ወደ ግራ ልብ ይሄዳል። ከዚያ ወይ አንጎል ነው፣ ወይ የልብ የራሱ ደም ሥር። ስለዚህ የመርፌውን አፍ በጣት ድፈኑ፣ ወይም የሳላይን (የጨው ውሃ) ጠብታ አኑሩበት። ትንፋሽ መያዝንም ቀድማችሁ አለማምዱ። «እማማ፣ ትንፋሽዎን ይያዙልኝ» ስትሏቸው ብዙዎቹ መጀመሪያ በኃይል ወደ ውስጥ ይስባሉ። የምንፈራው ደግሞ ያንኑ ነው! ሳል አላስቆም ካላቸው ሌላ ቀን ይሁን።

መርፌው ከገባ በኋላ ሁላችንም ስክሪኑ ላይ እናፈጣለን። አንዳችሁ የታካሚውን ፊት እዩ። ድንገት ቃል ከጠፋባቸው፣ እጃቸው ከዛለ፣ ካንቀጠቀጣቸው ወይም የልብ ምታቸው ከተዛባ «ሳይበሉ ስለመጡ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ቀና አድርጋችሁም አታስቀምጧቸው፤ አየሩ ወደ ጭንቅላት ይወጣል። መርፌው ይውጣ፣ በጀርባቸው ይተኙ፣ 100 ፐርሰንት ኦክስጅን ይሰጣቸው፣ እርዳታ ይጠራ። እዚያው ማሽኑ ላይ እንደተኙ ደረትና ጭንቅላታቸውን ስካን አድርጉ፤ አየሩ ግራ ልብ ወይም አኦርታ (ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ሥር) ውስጥ ጥቁር ሆኖ ሊታይ ይችላል። ከፍተኛ ግፊት ያለው የኦክስጅን ክፍል ካለ ይላኩ።

በእኛ አገር አንድ ሌላም አለ። በግና ውሻ አብረው ከሚኖሩበት አካባቢ የመጣ ሰው ሳምባ ላይ ክብ፣ ውሃ የቋጠረ ነገር ካያችሁ ሃይዳቲድን (ከውሻ የሚመጣ ጥገኛ ትል የሚፈጥረውን ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት) አስቡ። በመርፌ ቢነካ ፈሳሹ ወጥቶ ከባድ አለርጂ ሊቀሰቅስ ይችላል። የባዮፕሲ ትእዛዝ ስለተጻፈ ብቻ መርፌ አታንሱ፤ መጀመሪያ ቀዶ ሐኪሙ ጋ ደውሉ።