ምን እንደሠራ ጠቅሳችሁ አመስግኑት

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት ሆስፒታል ውስጥ፣ በቀዶ ሕክምና ነው። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ሥራ ለጀመራችሁ ወጣቶች አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። ሰው ጥሩ ሲሠራ ስታዩ በጊዜው አመስግኑት፤ ምን እንደሠራም ጠቅሳችሁ።

እኛ አገር ይሄ ቀላል አይደለም። "ካመሰገንኩት ይኮራብኛል፣ ይዘናጋል" የሚል አለቃ ሞልቷል። ወላጅም እንዲሁ ነው፤ ልጁን ጎረቤት ዘንድ እያወደሰ ፊት ለፊት ይቆጣዋል። ሰው ሲሞት ግን ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ደግነቱንና ታታሪነቱን ስናወራ እናመሻለን። ያ ሁሉ ቃል በሕይወት ሳለ ቢደርሰው ምን ነበረበት? እኔ ምስጋና ያበላሸው ሠራተኛ አላጋጠመኝም። ድካሙን የሚያይለት አጥቶ ልቡ ከሥራው የሸፈተ ግን ብዙ አይቻለሁ።

ከኦፕራሲዮን ክፍል ጀርባ መሣሪያ የሚታጠብበት ክፍል አለ። ሙቀቱና እንፋሎቱ ያፍናል። እዚያ የሚሠሩት ሰዎች ደም የነካውን መቀስና መቆንጠጫ አንድ በአንድ ይፈትጋሉ። መገጣጠሚያውን ከፍተው ያያሉ። ከዚያ ጠቅልለው ኦቶክሌቭ ውስጥ፣ ማለትም በጋለ እንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን ውስጥ ያስገባሉ። በሽተኛው አያውቃቸውም። ቁስሉ ሳያመረቅዝ ሲድን የሚመረቀው ሐኪሙ ነው።

ወጣት ሳለሁ አብሬያቸው የሠራሁ አንድ አንጋፋ ሐኪም ግን ኦፕራሲዮኑ ሲያልቅ ጓንታቸውን አውልቀው ወደዚያ ክፍል ይሄዱ ነበር። "ጎበዝ" ብለው ብቻ አያልፉም። "ዛሬ ደም ሲበዛብን የፈለግኩት መቆንጠጫ ሁሉ በቦታው ነበር፤ እጅሽ ይባረክ" ይሏታል ሠራተኛዋን። እሷም "ትልቁ መቀስ ግን ደንዟል፣ ቢቀየር ጥሩ ነው" ትላቸዋለች። ይሄን ልብ በሉልኝ። ሥራዋ እንደሚታይላት ስላወቀች ጉድለቱን ለመናገርም አልፈራችም። በእኛ ሙያ ደግሞ ጉድለትን ቀድሞ የሚናገር ሰው ነፍስ ያድናል።

የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ሳትሰሙ አትቀሩም። ከገጠር የመጡት ለፌስቱላ፣ ማለትም በተራዘመ ምጥ ለሚመጣና ሽንት ለሚያስመልጥ ጉዳት ሕክምና ነበር፤ ትምህርት ቤት አልገቡም። ከታከሙ በኋላ አልጋ ከማንጠፍ ጀምረው ኦፕራሲዮን ላይ ማገዝ ያዙ። አዲስ አበባ ላይ የፌስቱላ ሆስፒታል ያቋቋሙት ባልና ሚስት፣ ዶክተር ሬጅናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን እያስተማሯቸው ራሳቸው የፌስቱላ ቀዶ ሕክምና መሥራት ቻሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ሲሰጥ ከሃምሊኖች ጋር እሳቸውም ተሸለሙ። እኔን የሚገርመኝ ሜዳሊያው አይደለም። አልጋ በምታነጥፍ ልጅ ውስጥ ችሎታ ያየ፣ አይቶም ዝም ያላለ ሰው መኖሩ ነው።

አለቃን ማሞካሸት ሌላ ነገር ነው፤ ከእሱ ራቁ። ከጀርባው ጥቅም ካለ ሰው ወዲያው ይነቃባችኋል። ልትለምኑት በሄዳችሁበት ቀንም አታመስግኑት፤ ልመናው ምስጋናውን ይበላዋል። ይልቅ ምንም ሊያደርግላችሁ የማይችለውን ሰው አስቡ። ሌሊቱን በር ላይ ያደረውን ጥበቃ፣ ከእናንተ ቀድማ ገብታ ቢሮውን ያጸዳችውን እናት። ቴሌግራም ላይ የጭብጨባ ምልክት መላክ ክፋት የለውም፤ ሄዶ በአካል መንገር ግን ይበልጣል። ስብሰባ ላይ የባልደረባችሁን ሐሳብ ስታነሱ ስሙን ጥሩ። ሪፖርት ስትጽፉም እንዲሁ።

እናንተ ስትመሰገኑ ደግሞ "ኧረ እኔ ምን ሠራሁ" እያላችሁ አትመልሱት። ሰውየው አይቶ፣ አስቦ ነው የነገራችሁ። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ለፍቼበት ነበር" በሉት።