ግምት «ምናልባት» ማለት ብቻ ነውን?

ጥያቄ፦ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ በጻፍሁት ሪፖርት ውስጥ «የነዋሪዎችን አቤቱታ ከግምት በማስገባት» የሚለውን ሐረግ ሰረዘብኝ። «ግምት ያልተረጋገጠ ነገር ነው፤ ለአቤቱታ አይሆንም» ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ የተሰረዘውን ይመልሱት። ባልደረባዎ የያዙት የቃሉን አንድ ጎን ብቻ ነው።

መገመት ማለት ሳይለኩና ሳይመዝኑ፣ በዓይንና በልምድ ፈርዶ መጠን ወይም ዋጋ መስጠት ነው። በከብት ገበያ በሬውን ዞሮ ካየ በኋላ «ይህን ያህል ያወጣል» የሚል ሰው ወደ ትክክለኛው ዋጋ ይጠጋል፤ በዚያው አፍም በሬው ምን እንደሚገባው ይፈርዳል። መጠጋቱ «በግምት»ን ሰጠን። ፍርዱ ደግሞ «ከግምት ማስገባት»ን፣ «ትልቅ ግምት መስጠት»ንና «ዝቅ አድርጎ መገመት»ን።

የፍርዱ ጎን ምን ያህል እንደሚከብድ ገበሬው ያውቃል። በንጉሡ ዘመን ገና ያልታጨደ ሰብል በዓይን እየታየ ግብር ይጣልበት ነበር፤ ይህን የሚሠራው ሰው ገማች ይባላል። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሡ ገማች ማሳችንን አይረግጥም ብለው ነበር። ለእነርሱ ግምት ከጎተራቸው የሚቀንስ ውሳኔ ነው። የሕግ ሰዎችም «የሕግ ግምት» ይላሉ፦ በቤተሰብ ሕጋችን የባልና የሚስት ንብረት የአንዳቸው የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ተብሎ ይወሰዳል።

እኔን ይልቅ የሚያሳዝነኝ በየዜናው የምንሰማው «በግምት ወደ 200 ያህል ሰዎች ገደማ» የሚለው አነጋገር ነው። አራት ቃላት ለአንድ ሥራ! አንዱ ይበቃል፤ «200 ያህል ሰዎች»። ደግሞም እነዚህ ቃላት ሁልጊዜ አይተካኩም። «ሦስት ሰዓት ያህል ጠበቅሁት» ስንል የቆይታውን ርዝመት እንናገራለን፤ «ሦስት ሰዓት ገደማ መጣ» ስንል የመጣበትን ጊዜ። «ሦስት ሰዓት ያህል መጣ» ግን አማርኛ አይደለም። «በግምት 213 ሰዎች» የሚል ካዩም ያለማመንታት «በግምት»ን ይሰርዙ፤ 213 አንድ በአንድ የተቆጠረ ቁጥር ነው።