ባንክ ለቃችሁ ኦንላይን ልትነግዱ ላሰባችሁ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ባንክ ውስጥ ነው የጨረስኩት። ከቴለርነት ተነስቼ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። እንዲህ ያለ ሰው "አርፋችሁ ደሞዛችሁን ብሉ" ሊል የመጣ ይመስላል፣ አልፈርድባችሁም። ግን አይደለም። አብረውኝ ከሠሩት ልጆች መሀል ሥራቸውን ለቀው፣ ቴሌግራም ላይ የሕፃናት ልብስና ጫማ እየሸጡ፣ እኔ በወር ከማገኘው በላይ በሳምንት የሚያንቀሳቅሱ አሉ። የሚያንቀሳቅሱ አልኩ እንጂ የሚያተርፉ አላልኩም።

በቅርቡ አንዱ መልቀቂያ ላስገባ ነው ብሎ አማከረኝ። የቴሌብር ዝርዝሩን አሳየኝ፣ ደስ ይላል። ከዚህ ውስጥ ትርፉ ስንት ነው ስለው ከሸጠበት ላይ የገዛበትን ቀነሰና ነገረኝ። በቃ። የዴሊቨሪው የለበትም፣ የማስታወቂያው የለበትም፣ "ቁጥሩ ጠበበኝ" ተብሎ የተመለሰው ጫማ የለበትም። የራሱ ደሞዝማ ጭራሽ የለበትም፤ ሌሊት ስድስት ሰዓት ድረስ ቁጭ ብሎ "ዋጋ ስንት ነው?" ለሚለው ሁሉ የሚመልሰው በነፃ ነው ማለት ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው። ትርፋችሁን በገዛችሁበት ዋጋ አታስሉ፣ መልሳችሁ በምትገዙበት ዋጋ አስሉ። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የአንድ ዶላር የባንክ ምንዛሪ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጥቁር ገበያው ቀድሞም እዚያ ነበር ትሉኛላችሁ፣ ልክ ናችሁ፣ ግን ያም ሆኖ መርካቶ ላይ ዋጋ ሲቀያየር አይታችኋል። እንበል በ1,000 ብር የገዛችሁትን በ1,300 ሸጣችሁ። 300 አተረፍኩ ብላችሁ 200ውን በላችሁ። ስትመለሱ ዕቃው 1,400 ገብቷል። እጃችሁ ላይ ያለው 1,100 ብር ነው። የበላችሁት ትርፍ ሳይሆን ዋናውን ነው ማለት ነው፣ ቻናሉ ላይ ግን ተከታይ እየጨመረ ነው።

ስለ ተከታይ ካነሳን፣ ቻናሉ የእናንተ አይደለም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ድረስ ለአምስት ወር ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ነበር። በቪፒኤን የገባ ገባ፣ ያልገባ ደንበኛ ቀረ። የደንበኛችሁን ስልክ ቁጥር ደብተር ላይ ጻፉ። አዎ፣ ደብተር ላይ። በስክሪንሾት ዕቃ አትልቀቁ፣ ብሩ አካውንታችሁ ውስጥ መግባቱን ራሳችሁ እዩ። ይህን ለባንክ ሠራተኛ መንገር ያሳፍራል፣ ግን ሲሸወዱ ያየኋቸው የባንክ ልጆች ናቸው።

አሁን ደሞዙ ራሱ ጋ እንምጣ። ደሞዝ ወር ጠብቆ የሚገባው ብር ብቻ ይመስላችኋል። በስተጀርባው አሠሪው ለጡረታችሁ የሚጨምረው 11 በመቶ አለ፣ እናንተ ከምታዋጡት 7 በመቶ ይበልጣል፣ በለቀቃችሁ ማግስት ይቆማል። የሠራተኛ የቤት ብድር ካለባችሁ ውሉን አውጥታችሁ አንብቡት፣ ስትለቁ ወለዱ ስንት ይሆናል የሚለውን አንቀጽ ፈልጉ። ጣፋጩ ወለድ ለሠራተኛ ነው፣ ለነጋዴ አይደለም። ሌላም አለ። የአክስት ልጅ ሥራ ሲቀጠር ዋስ ሁንልኝ ይላል፤ የደሞዝ ደብዳቤ የሌለውን ሰው ብዙ መሥሪያ ቤት ዋስ አድርጎ አይቀበልም። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ቤተሰብ ውስጥ ግን ታስወራለች።

ታዲያ መቼ ይለቀቃል? ንግዱ ለራሳችሁ የአሁኑን ደሞዛችሁን ከፍሎ፣ ዕቃውንም መልሶ ገዝቶ፣ ይህንንም በቀዝቃዛው ወር ጭምር ሲችል። በፋሲካ ሰሞን ገበያ ታይቶ ሥራ አይለቀቅም። ክረምቱን እዩት፣ መስከረም ላይ ወላጅ ሁሉ ለትምህርት ቤት ከፍሎ ኪሱ ሲራቆት እዩት። እስከዚያው ድረስ ማታና ቅዳሜ ይበቃል። አንዲት ጎበዝ ልጅ እንዲህ ነው ያደረገችው፣ ከሽያጩ በየወሩ የራሷን "ደሞዝ" እያወጣች እቁብ ትጥለው ነበር፤ እቁቡ ያለ ባንኩ ደሞዝ መቆም ሲችል ነው የወጣችው። ማግባት የፈለገም ቢሆን ሽማግሌ ልኮ ይጨርስና ይልቀቅ፣ ይህቺ የኔ ናት፣ ብትስቁም።

ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ ቁጥር አውጡ፣ ኦንላይን ነው ብሎ የሚተዋችሁ የለም። አሠሪያችሁ ጎን ለጎን መነገድን ይፈቅድ እንደሆነም የሥራ ውላችሁን እዩ። የባንኩን ደንበኛ ስልክ ይዞ መውጣትማ ክልክል ነው፣ እንዳታስቡት።

የቆረጠ ደግሞ በሥርዓት ይውጣ። አዋጅ 1156/2011 የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል፣ ስጡ። ክሊራንሱን ጨርሱ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ማኅተም አስመትታችሁ ተቀበሉ፣ ሁለት ኮፒ አንሱና አንዱን እናታችሁ ጋ አስቀምጡ።