ድምፁ እየጠፋ የሚመለስ የጊታር አምፕሊፋየር

20 ደቂቃ ከተጫወትክበት በኋላ ድምፁ ይጠፋል፣ ከላዩ መታ ስታደርገው ይመለሳል ብለሃል። ትራንዚስተር ለመቀየር አትቸኩል። ከኋላው ሴንድ (ድምፅ መውጫ) እና ሪተርን (ድምፅ መመለሻ) የሚባሉ የኢፌክት ጃኮች (የገመድ መሰኪያዎች) ካሉት መጀመሪያ ሪተርኑን ጠርጥር። ምንም ሳይሰካበት ድምፁ የሚያልፈው ጃኩ ውስጥ ባለች ትንሽ የብረት ምላስ በኩል ነው። እሷ ስትቆሽሽ ድምፁ ይቆረጣል።

አጭር የጊታር ገመድ ከሴንድ ወደ ሪተርን ሰካና ተጫወት። ድምፁ ካልጠፋ ችግሩ እዚያው ነው። ኮንታክት ክሊነር (የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ስፕሬይ) ንፋበትና 20 ጊዜ ያህል እየሰካህ ንቀል። ብዙ ጊዜ በዚህ ያልቃል።

ካልሆነ የሰርኪዩት ሰሌዳውን አውጣና የጃኮቹንና የቮልዩሙን እግሮች በማጉያ መነጽር ተመልከት። በእግሩ ዙሪያ ፀጉር የምታክል ክብ ስንጥቅ ካየህ፣ አሮጌውን ሊድ (መበየጃውን) አቅልጠህ መጥጠህ አውጣና በአዲስ በይደው። ከላይ መደረብ ብቻ አያዛልቅም።

አደራ፣ ከሶኬት ስለነቀልከው ብቻ እጅህን አትስደድ። ትልልቆቹ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያከማቹት ክፍሎች) ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ። እኔ አንዴ ቻርጁን ለማፍሰስ ብዬ የካፓሲተሩን ሁለት እግር በካቻቢቴ አገናኘሁ፤ ብልጭታው የካቻቢቴውን ጫፍ በላው፣ ጆሮዬም ጭው አለ። 1 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር በተሸፈነ ሽቦ አድርገህ በእያንዳንዱ ካፓሲተር ሁለት እግሮች ላይ 30 ሴኮንድ ያህል ያዝ። ከዚያ በመልቲሜትር ለካ። ከ1 ቮልት በታች ካልወረደ ድገመው።